በሶና የጄኔቫ ውሃ

እናቴ ጭኮውን ለውሳ ልትጨርስ ስትል ነው የደረስኩት። ገብሱን ወደ ደጋ ሰው ልካ ከደብረ ሲና በላይ አስመጥታ፣ ቆልታና አስፈጭታ፣ ቅቤውን በኮረሪማ አንጥራ፣ ከሳምንት በፊት ጀምራ ስትሰናዳ ነበር። «እማዬ፣ ቅቤ ያለበት ነገር እዚያ አገር አያስገቡም» ስላት እጇን ከገበቴው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቅቤ ምን አደረጋቸው?»

ከአውሮፓ ውጪ የመጣ መንገደኛ ሥጋም ሆነ የወተት ተዋፅኦ ይዞ ስዊዘርላንድ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል፤ የከብት በሽታ ፈርተው ነው ብዬ አስረዳኋት። ዕድሜዋን ከከብት ጋር የኖረች ሴት ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ጭኮውን ለጎረቤት ልጆች አካፈለችና በዚያው ምሽት ለበሶ የሚሆን ገብስ እንደገና ምጣድ ላይ ጣደች። ሁለት ኪሎ በሶ፣ አንድ ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ በትንሽ ብልቃጥ ሚጥሚጣ። ወደ ጄኔቫ ይዤው የሄድኩት ስንቅ ይህ ነው።

ጄኔቫ በዓለም ላይ ኑሮ ከተወደደባቸው ከተሞች ተርታ ስሟ የማይታጣ ከተማ ናት። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት የማስተምር የታሪክ መምህር ነኝ። ሰኔ 2017 ዓ.ም. ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ተጋበዝኩ። ትኬቱን፣ የሥልጠናውን ቀናት አልጋና ምግብ ጋባዦቹ ቻሉ። እኔ ግን መመለሻዬን በአራት ሌሊት አስገፋሁት። ምክንያቱ ሰኔ 23 ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚያ ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ በአማርኛ ያሰሙት ጄኔቫ ላይ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ቀን ቦታው ላይ ቆሜ ላስበው ፈለግሁ። እነዚያ አራት ሌሊቶች የራሴ ወጪ ነበሩ።

ገንዘቡ ከሁለት ቦታ መጣ። ግማሹ የእቁቤ ነው፤ ዕጣ የወጣለት ባልደረባዬ ተራውን ለቀቀልኝ። ግማሹን ታናሽ ወንድሜ ከሽንኩርት ሽያጩ ቆርሶ ሰጠኝ። ተደምሮ 40,000 ብር ሆነ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብራችን ምን ያህል እንደቀለለች የሚያውቀው ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ማዳበሪያ የሚገዛው ወንድሜም ያውቀዋል። አንድ የስዊስ ፍራንክ ወደ 160 ብር ነበር። 40,000 ብር ቆጥሬ ሰጥቼ 250 ፍራንክ ተቀበልኩ። ቀጭን የገንዘብ ኖቶች ናቸው፤ በደረት ኪስ ውስጥ መኖራቸውም አይታወቅም።

የይፋት ሰው፣ የሮቢት አካባቢ ሰው ማለቴ ነው፣ በሰው አገር ገንዘብ ሲገበያይ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የአረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪ፣ በይፋት የሚገበዩት ነጋዴዎች በሚያመጡት የግብፅ ዲናርና ድርሃም እንደነበር ጽፎልናል። ዘይላን ከመሐል አገር ያገናኝ የነበረው የሲራራ ንግድ የሚያልፈው በእኛ ቆላ ነበርና ባዕድ ሳንቲም ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

ቪዛው ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ማመልከቻው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይቀርባል፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይቀርባል፤ ስዊዘርላንድ የሚገባ ሰው በቀን 100 ፍራንክ የሚያወጣ አቅም እንዳለው ማሳየት አለበት። የጋባዦቹ ደብዳቤ ባይኖር እኔ ይህን አላልፈውም ነበር። ወጪ ቆጥቦ ውድ ከተማ ስለማየት የሚጽፉ የሌላ አገር ሰዎች ስለ አልጋና ስለ ሳንድዊች ነው የሚያወሩት። የእኛ ወጪ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፤ ብዙው ሰው የሚቀረውም እዚሁ በር ላይ ነው። ይህን የምጽፈው የሚያነብ ወጣት ሒሳቡን ከመነሻው እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ከሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው። በደህናው ዘመን ጠዋት ተነስቶ ምሳን አዲስ አበባ መብላት የተለመደ ነበር። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ከነደደች፣ የሰሜኑ ጦርነትም በኅዳር 2014 ሮቢት ድረስ ከመጣ ወዲህ ግን የእኛ ሰው መንገድ ሲወጣ ደህና ሁኑ የሚለው ከልቡ ነው። ዛሬም መኪና ከመሳፈር በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። እኔም ይዘጋ ይሆናል ብዬ ከበረራዬ አምስት ቀን ቀድሜ ወጣሁና አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አረፍኩ።

የሮቢት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚበቅልበት፣ ቀን ጥላ የሚፈለግበት ቆላ። ከዚያ ተነስቶ መኪናው ሲጠማዘዝ ሲጠማዘዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ያንኳኳሉ። ጆሮ ይደፈናል፤ ሰው ጋቢውን ከሻንጣው ይመዛል። ከዚያ ጣርማ በር፣ ከዚያም ዋሻው።

ዋሻውን የቦረቦረው ጣሊያን ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ዋሻው ሳይኖር፣ በሚያዝያ 1928፣ የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ተነሳ። ወንድሜ ዛሬ ውሃ የሚያጠጣበትን ሜዳ አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ተንዶ ጠበቀው። ሲጠግን ቆየ፤ ግን አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 27 ከተማዋ ተያዘች። ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ጄኔቫ። ሾፌራችን ዋሻው ውስጥ መብራቱን ሲያበራ በእኛ ደጅ የሚያልፈው ይህ አስፋልት ጫፉ ጄኔቫ ድረስ እንደሆነ ተሰማኝ። ተማሪዎቼ ይህ ቢሰማቸው ብዬ ተመኘሁ።

የሥልጠናው ሳምንት እንደ ማንኛውም ሥልጠና አለፈ። ቅዳሜ ሰኔ 21 ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ፓኪ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ባለስድስት አልጋ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ በ42 ፍራንክ ይዣለሁ። አራት ሌሊት 168 ፍራንክ። ከያዝኩት ሦስት እጅ ሁለቱ ገና በር ላይ አለቀ። እንግዳ ተቀባይዋ ቁልፉን ስትሰጠኝ የትራንስፖርት ካርድም ጨመረችልኝ። ጄኔቫ በሆቴልም ሆነ በእንዲህ ዓይነቱ ማረፊያ ለሚያድር እንግዳ ሁሉ ለቆይታው ቀናት አውቶቡሱን፣ ትራሙንና ሌማን ሐይቅ ላይ የምትመላለሰውን ትንሿን ጀልባ በነፃ ታሳፍራለች። ለአንድ ጉዞ 3 ፍራንክ በሚከፈልበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያን ማታ ያለ ጉዳይ ጀልባ ላይ ወጥቼ ሐይቁን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ። እስከ 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወረወረውን የጄኔቫ ፏፏቴ ከዚያ ሆኖ ማየት ምንም አያስከፍልም።

ላይኛው አልጋ ላይ ተጋድሜ ከሥሬ የአንድ ብራዚላዊ ማንኮራፋት እየሰማሁ ያስታወስኩት ካይሮን ነው። አል-አዝሐር መስጊድ ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል ማደሪያ ነበር። ጀበርት ማለት የጥንት ጸሐፊዎች ለይፋት ይሰጡት የነበረ ስም ነው፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች መጠሪያ ሆነ። ከዚህ ከእኛ ቆላና ከዘይላ በኩል ዕውቀት ፍለጋ የሚሄዱ ደረሶች እዚያ ያድሩ ነበር፤ ዳቦም ይሰፈርላቸው ነበር። የናፖሊዮንን ወረራ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራሕማን አል-ጀበርቲ ከዚያ ማደሪያ አለቆች ዘር ነው፤ የአባቶቹ አባት ከእኛ አገር ተነስቶ ነው ካይሮ የገባው። በክርስቲያኑም ወገን ኢየሩሳሌም ዴር ሱልጣን፣ ሮም ደግሞ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የሐበሻ መንገደኛ ማረፊያዎች ነበሩ። አያቶቻችን በወርቅና በዕብነ በረድ ወደተሠሩ ከተሞች የገቡት በሙሉ ኪስ አልነበረም። የራሳቸውን ወገን ማደሪያ ፈልገው፣ ስንቃቸውን ፈትተው፣ መማር የፈለጉትን ተምረው ነው የተመለሱት። ስለዚህ ባለስድስት አልጋ ክፍል ውስጥ መተኛቴን እንደ ጉድለት አላየሁትም።

እሑድ ግን ሒሳቤ ተሳሳተ።

በእኛ በኩል እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። አፋሩ ከበታች ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው እህሉን፣ ከብቱንና ሸማውን ይዞ የሚገናኝበት፣ ከጠዋት ጀምሮ አቧራው ሰማይ የሚነካበት ቀን ነው። እሑድ ገበያ ይዘጋል የሚል ነገር እንዴት በልቤ ይደር? ቅዳሜን በጀልባ አሳለፍኩና ለእሑድ አስቤዛ አደርጋለሁ ብዬ ተነሳሁ። መደብሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ክፍት የነበሩት በባቡር ጣቢያው ውስጥ ያሉት ናቸው፤ እዚያም አንድ ዳቦና ሁለት ሙዝ 6 ፍራንክ ወሰዱብኝ። ወደ አንድ ሺህ ብር ነው። ዳቦውን ለማታ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩና የእናቴን በሶ ይዤ ወደ አሮጌው ከተማ ዳገቱን ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት አውሮፓ በሙቀት ትነድ ነበር። ጋዜጦቹ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ሰው እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይሄዳል። ለሮቢት ልጅ ግን ይህ የሚያውቀው ሙቀት ነው። ቡርግ ደ ፉር የሚባለው ጥንታዊ አደባባይ መሐል የድንጋይ ምንጭ አለ፤ ውሃው ከቧንቧው ያለማቋረጥ ይወርዳል። ጄኔቫ በየሰፈሩ እንዲህ ዓይነት ምንጭ አላት፤ ውሃው የማይጠጣ ከሆነ ይጻፍበታል፣ ካልተጻፈበት ይጠጣል። በሱቅ ውሃ በሚገዙ ቱሪስቶች መሐል ኩባያዬን አወጣሁ፣ ከበሶው ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ከምንጩ ሞላሁና ክዳኑን ገጥሜ ናጥኩት። ሽታው ወዲያው ወጣ። የተቆላ ገብስ ሽታ በዚያ ድንጋይ መሐል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በሶ ነው እንዴ?»

ዞር ስል አንዲት ጠና ያለች ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ቆማለች። ሕፃኑ ፈረንጅ ነው።

«አዎ እትዬ። ይቅመሱ እንጂ።»

«ኧረ እምቢ አልልህም» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። በክዳኑ ቀዳሁላት። ዓይኗን ጨፍና ነው የጠጣችው። «ስንት ዓመቴ መሰለህ ይህን ካጣሁ» አለችኝ። አገሯ ኮምቦልቻ ነው። ከሮቢት ነኝ ስላት ፊቷ በራ፤ በልጅነቷ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ሮቢት ላይ መኪናው ሲቆም አባቷ ማንጎ ይገዛላቸው እንደነበር ነገረችኝ። እዚህ ሕፃን ትጠብቃለች፤ እሑድም ሥራ ነው። የገንዘቤን ነገር ስነግራት አላዘነችልኝም። ደስ ያለኝ ይህ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ሬስቶራንት የሚበላ መሰለህ? እኛ አስቤዛችንን አሥራ ሰባት ቁጥር ትራም ተሳፍረን ፈረንሳይ ተሻግረን ነው የምናመጣው። ፈረንጁም እንደዚሁ። ማታ ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ ሱቆቹ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ወረቀት ይለጥፉበታል፣ እሱን ጠብቀህ ግዛ። ኑሮው ውድ ነው፣ ደመወዙም እንደ ኑሮው ነው።»

የጄኔቫ ክልል ነዋሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥተው ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ በሕግ ወስነዋል። በ2025 በሰዓት ከ24 ፍራንክ በላይ ሆኗል። እኔ በራሴ ሒሳብ ይህ ወደ 3,900 ብር ነው። ይህን ቁጥር ከሰማሁ በኋላ የከተማዋ ዋጋ ሁሉ በሌላ መልክ ታየኝ። ጄኔቫ ፎቅ ለሚያጸዳ ሰው የአንድ ሰዓት ሥራ ምሳውን ይገዛለታል። ውድ የሆነችው ደመወዙን በብር ለሚቀበል ሰው ነው። ስለዚህ በብር ማባዛቴን አቆምኩ። እያባዙ መኖር አይቻልም፤ እያባዛ የሚዞር ሰው ከተማውን አያይም፣ የሚያየው ዋጋውን ነው። በቀን የማወጣውን ወሰንኩ፣ የቀረውን በእግሬና በጊዜዬ ከፈልኩ።

«ማክሰኞ ማታ እኔ ቤት ራት አለህ» አለችኝ ስትነሳ። ስሜን እንኳ ገና አልጠየቀችኝም ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ሰኔ 23፣ ፓኪ ሰፈር አንድ የእስያውያን ሱቅ ገባሁ። ሩዝና ቅመም በጆንያ ተደርድሯል። ከታችኛው መደርደሪያ አረንጓዴ ነገር ዓይኔን ያዘው፤ ጎንበስ ስል ማሾ ነው። በላስቲክ የታሸገ፣ ያው የእኛው ትናንሽ አረንጓዴ ፍሬ። በእኛ ቀወት ወረዳ ያለ ገበሬ ማሾን የሚዘራው ለሽያጭ ነው፤ በጆንያ ይጫናል፣ በምርት ገበያው በኩል አልፎ ወደ ውጭ ይሄዳል፣ የት እንደሚደርስ ያመረተው ሰው አያየውም። በእኛ ቤት ለወጥ ሲውል እምብዛም አላየሁም። ከረጢቱን አገላብጬ አገሬ ተጽፎበት እንደሆነ ፈለግሁ፤ የተጻፈው የአከፋፋዩ አድራሻ ብቻ ነው። ከማሾው ጋር ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ገዛሁ። ሁሉም 15 ፍራንክ፤ ለሦስት ቀን የሚበቃኝ ምግብ ነው። ሽንኩርቱ በኪሎ 2 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም ነበር።

ማረፊያው የጋራ ማእድ ቤት አለው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁት፣ እናቴ እንደምታደርገው። ዘይቱን ጨመርኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ከዚያ የተቀቀለውን ማሾ፣ መጨረሻ ላይ ሚጥሚጣውን። ብራዚላዊው በሽታው ተስቦ መጣ። ሁለት ጭልፋ ሰጠሁት። አልቅሶ በላው፤ ሚጥሚጣው ነው፤ ግን ደግሞ ጠየቀኝ። እሱም ከረጢቱ ውስጥ ከነበረው አይብ ቆረሰልኝ። ለካ ስንቅ ከስንቅ ሲገናኝ ማዕዱ ይሰፋል።

ከሰዓት በኋላ ወደመጣሁበት ጉዳይ ሄድኩ።

አንድ ስህተቴን እዚህ ላይ ማረም አለብኝ። ለዓመታት ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩት ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት በሚሠራበት በፓሌ ዴ ናሲዮን አዳራሽ እንደሆነ ነው። አገር ጎብኚውም እዚያ በር ላይ፣ እግሯ በተሰበረው በዚያች 12 ሜትር ከፍታ ባላት የእንጨት ወንበር ሥር ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በዚያ ዓመት ወደ አዲሱ ሕንፃ ቢዛወርም የጉባኤው አዳራሽ ገና አላለቀም ነበር። ጉባኤው ይቀመጥ የነበረው ከተማው መሐል፣ የምርጫ ሕንፃ በሚባል አዳራሽ ነው። አዳራሹ በ1964 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ዛሬ ቦታው ላይ ዩኒ ዱፉር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቆሟል፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ ልስን ያልነካው ኮንክሪት ነው። ፎቶ የሚያነሳው ቱሪስት የለም። ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ።

መግቢያ የለውም፣ ትኬት የለውም። ደረጃው ላይ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከ89 ዓመት በፊት በዚህች ዕለት ካባ የደረበ ቀጭን ሰው ወደ መድረኩ ሲወጣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያስቆሙት ሞከሩ። የሩማኒያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ ተነስቶ እንዲባረሩ ጮኸ፤ ፖሊስ አወጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታው እስኪመለስ ጠበቁና ጀመሩ። በመርዝ ጋዝ ስላለቀው ሕዝብ የተናገሩት በፈረንሳይኛ አልነበረም፤ ፈረንሳይኛ እየቻሉ በአማርኛ ነው። ይህን ለክፍሌ ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይቀየራል። በቀናት ውስጥ ያው ጉባኤ በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ተመልሰው በባዝ ከተማ የስደት ኑሯቸውን ሲገፉ ገንዘብ አጥሯቸው ነበር፤ ከአገር ይዘውት የወጡትን የብር ዕቃ ለንደን ላይ ለሐራጅ አቅርበዋል። የሰው አገር ለንጉሥም ውድ ነው።

ከፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ገብቼ አንድ ቡና አዘዝኩ። 4 ፍራንክ ከ50። በአራቱ ቀን የገዛሁት ቡና ይህ ብቻ ነው፤ ከመነሻው ለዚህች ሰዓት ብዬ መድቤው ነበር። በትንሽ ስኒ መጣ። ቀስ ብዬ፣ ወደዚያ ኮንክሪት እያየሁ ጠጣሁት። አጣዬን አሰብኩ። በጣርማ በር በኩል የወጣውን ጦር፣ ከዚያም በኋላ በዚያው መንገድ ላይ ያለፉትን ሁሉ አሰብኩ። አቤት ለማለት ይህን ያህል ርቆ የመጣ ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን?

ሲመሽ የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ወረደ። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከሥራ የወጣው ባለ ክራቫት ሁሉ ሐይቅ ውስጥ ነው። ፓኪ የሚባለው የመዋኛ ቦታ መግቢያው 2 ፍራንክ ነው፤ ባለ ባንኩም ጽዳት ሠራተኛውም እኩል ይከፍላል። ገባሁ። ሮቢ ወንዝ ውስጥ የተማርኩት ዋና ሌማን ሐይቅ ላይም ሠራ።

ማክሰኞ የሥነ ጥበብና የታሪክ ሙዚየሙን በነፃ አየሁ፤ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎችን ግንብ በነፃ አየሁ። ለእናቴና ለወንድሜ ልጆች 16 ፍራንክ ቸኮላት ገዛሁ። ስለዚህ ቀን ሌላ የምለው የለኝም፤ ምክንያቱም ማታውን ነው የማስታውሰው። ሴትየዋ ቤት ሽሮ፣ ጎመን፣ ራሷ የጋገረችው እንጀራ ቀረበ። ሌሎች ሦስት የአገር ልጆች ጠርታለች። እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ከረጢቴ ውስጥ የቀረውን በሶና ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለአንድ አፍታ ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንደኛው በሶውን በእጁ ቆንጥሮ አሸተተውና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ረቡዕ ስሳፈር ደረት ኪሴ ውስጥ 38 ፍራንክ ከ50 ሳንቲም ቀርቶ ነበር።

ሮቢት የደረስኩት ቅዳሜ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባና ጃኬቴን አወለቅሁ። ወንድሜ ቤት የለም፤ የውሃ ተራው ለዚያ ሌሊት ደርሶት ማሳ ወርዷል አሉኝ። ባትሪ ይዤ ሄድኩ። በቦይው ዳር አካፋውን ተደግፎ ቆሟል፤ ውሃው ገና አልደረሰም። የቀረውን ፍራንክ ሰጠሁት፤ በባትሪው አይቶ ኪሱ ከተተው። ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ ነገርኩት፣ በኪሎ 400 ብር እንደሚሆን። ራሱን ነቀነቀ፣ ብዙም አልገረመውም። ስለ ንጉሡ፣ ስለ አዳራሹ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከዚያ ስለ ምንጮቹ ነገርኩት። በየአደባባዩ እንዳሉ፣ ከቧንቧው ቀንና ሌሊት እንደሚወርዱ።

«ማን ይዘጋዋል?» አለኝ።

«ማንም። እንዲሁ ይፈሳል።»

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም።»

ወደ ቦይው አፍ ባትሪውን አበራ። ከላይ በኩል ውሃው አፈሩን እያረጠበ ሲመጣ ተሰማን። አካፋውን አነሳና ወረደ።